ሬድ አለርት 2ን ጠርዝ በሌለው መስኮት ማጫወት፦ ችግሮችና መፍትሄዎች

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የኮምፒውተር ጌም ሬድ አለርት 2 በዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ ሲከፈት ሙዚቃው እየተሰማ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ፣ ወይም አልት ታብ ተጭነው ወጥተው ሲመለሱ ምስሉ ከጠፋ፣ ጌሙም ኮምፒውተሩም አልተበላሸም። ጌሙ የሚሠራው ዳይሬክትድሮው በሚባለው የቆየ የዊንዶውስ የምስል ሥርዓት ነው፤ ሲከፈት ስክሪኑን ለብቻው ይይዝና መጠኑን ወደ 800 በ600 ወይም ወደ መሰል መጠን፣ ቀለሙን ደግሞ ወደ 16 ቢት ይቀይራል። ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲሻገሩ ዊንዶውስ ስክሪኑን መልሶ ስለሚረከብ፣ ጌሙ በቪዲዮ ካርዱ ሚሞሪ ላይ ያስቀመጠው ምስል ይጠፋል፤ ሲመለሱ ሁሉንም እንደገና የመጫን ኃላፊነት የጌሙ ነው፣ ይህን በአግባቡ የማያደርግ ጌም ጥቁር ስክሪን ይዞ ይቀራል። ጠርዝ በሌለው መስኮት ግን ጌሙ ስክሪኑን ሳይቀማ፣ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር በሚሸፍን ተራ መስኮት ውስጥ ይሠራል።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚሞክሩት በሾርትከቱ የታርጌት መስመር መጨረሻ ላይ ሰረዝና "ዊን" የሚለውን ቃል (-win) መጨመር ነው። ይህ ጌሙን በመስኮት እንዲከፈት ያዘዋል፤ ሆኖም ዴስክቶፑ በ16 ቢት ቀለም እንዲሆን ይጠይቃል፣ የመስኮቱም ጠርዝ አይጠፋም። እኔ የምመርጠው ሲኤንሲ ዲድሮው (cnc-ddraw) የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው። ፋይሎቹን የጌሙ ማስነሻ ባለበት ፎልደር ውስጥ ኮፒ ሲያደርጉ፣ ጌሙ በዊንዶውስ ዳይሬክትድሮው ፈንታ ይህንን ይጠራል። ከዚያም የዚህን ፕሮግራም የማስተካከያ ፋይል (ddraw.ini) በኖትፓድ ከፍተው "ዊንዶውድ" (windowed) የሚለውንም "ፉልስክሪን" (fullscreen) የሚለውንም መስመር "ትሩ" (true) ያድርጓቸው። ሁለቱ የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ስክሪኑን የሚሸፍነው ጠርዝ የሌለው መስኮት የሚመጣው ሁለቱ አብረው ሲበሩ ነው።

ምስሉ ወደ ጎን ተለጥጦ ታንኮቹ የተጠፈጠፉ ከመሰሉ፣ የ800 በ600 ምስል ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ተገድዷል ማለት ነው። በዚያው ፋይል የምስሉን የስፋትና የቁመት ምጣኔ የሚጠብቀውን "ሜይንታስ" (maintas) የሚለውን መስመር "ትሩ" ሲያደርጉ፣ በ1920 በ1080 ስክሪን ላይ ምስሉ 1440 በ1080 ይሆንና በግራና በቀኝ 240 ፒክስል ጥቁር ቦታ ይቀራል። ምስሉ ከስክሪኑ ካለፈ ወይም ማውሱ ከጠቆሙት ቦታ ርቆ ከነካ፣ ብዙ ላፕቶፖች ላይ 125 ወይም 150 በመቶ ሆኖ የሚገኘው የዊንዶውስ የጽሑፍና የምስል ማጉያ መጠን (ስኬሊንግ) ነው ምክንያቱ፤ በማስነሻ ፋይሉ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ በሚለው ገጽ፣ ይህን ማጉያ የሚመለከተው የዲፒአይ ማስተካከያ ለአፕሊኬሽኑ እንዲተው ያድርጉ። ማውሱ ከጌሙ አልወጣም ካለ ኮንትሮልና ታብ ይለቁታል።

ጊዜ የሚያባክነው ግን ፋይሉን አስተካክለው ጌሙ ምንም ሳይቀየር ሲቀር ነው። እኔ የጌሙን የስክሪን ስፋት አሥር ጊዜ ያህል ጽፌ፣ አሥሩንም ጊዜ የድሮውን መጠን አይቻለሁ። ጌሙ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ከተጫነ ዊንዶውስ እዚያ እንዲጽፍ ስለማይፈቅድለት፣ የማስተካከያ ፋይሉን ቅጂ ቨርችዋልስቶር በተባለ የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥለታል፤ እርስዎ በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ዋናውን ሲያርሙ ጌሙ የሚያነበው ቅጂውን ነው። ያንን ቅጂ ያጥፉና ጌሙን በሲ ድራይቭ ላይ ራስዎ ወደፈጠሩት ፎልደር ያዛውሩት።