አዋቂ ሰው ብሬስ ላድርግ ወይስ ልተወው ብሎ እንዴት ይወስናል?

ብሬስ፣ ማለትም ጥርስ ላይ ተለጥፎ የሚያስተካክለው ሽቦ፣ ለልጆች ብቻ ነው የሚለው ወሬ በሕክምናው በኩል መሠረት የለውም። በ14 ዓመትም ሆነ በ45 ዓመት ጥርስ የሚንቀሳቀሰው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ሽቦው ሲገፋው ከፊቱ ያለው አጥንት እየተበላ ቦታ ይለቃል፣ ከኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት ይሞላል። ፍጥነቱ በወር አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ «ዕድሜዬ አልፏል ወይ?» እያሉ መጨነቁ ብዙም አይጠቅምም። አዋቂን የሚመለከቱት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። ጥርሱን የያዘው ድድና አጥንት ይህን ግፊት ይችላል ወይ? ሽቦው ከወለቀ በኋላ የሚመጣውን ሥራስ ይቀጥሉበታል ወይ? አብዛኛው ሰው ግን ክሊኒክ ገብቶ የሚጠይቀው ስለ ሽቦው ቀለምና ስለ ሕመሙ ነው።

1. ቅሬታዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

መስታወት ፊት ይቁሙና የማይወዱትን ነገር ለይተው ይጻፉ። «ጥርሴ ይስተካከልልኝ» አይበቃም። «የታችኞቹ የፊት ጥርሶቼ ስለተነባበሩ ብሩሽ አይገባቸውም»፣ «የላይኞቹ ወደ ውጭ ስለወጡ ከንፈሬ አይገጥምም»፣ «የፊት ጥርሶቼ ስለማይገናኙ ሳንድዊች መግመጥ አልችልም» ዓይነት ይሁን። ሐኪሙ የሰለጠነው ፍጹም አሰላለፍን እያሰበ ነውና እርስዎ ልብ ብለውት የማያውቁትን ነገር ለማረም ሁለት ዓመት የሚፈጅ ዕቅድ ሊያወጣ ይችላል።

ፍንጭትን እንውሰድ። እኛ ዘንድ ፍንጭት ውበት ነው፣ ይዘፈንለታል። በሕክምናው ዓይን ግን ብዙ ጊዜ መዘጋት ያለበት ክፍተት ነው። ሌሎቹ ጥርሶች ተስተካክለው ፍንጭትዎ እንዲቀር ከፈለጉ ከመጀመሪያው ቀን ይናገሩ፣ ዕቅዱም ላይ ይጻፍልዎት። ይዘጋልኝ የሚሉ ከሆነም መዝጋቱ ቀላል መሆኑን፣ ተዘግቶ እንዲቆይ ማድረጉ ግን ከባድ መሆኑን ይወቁ፤ ቀን ጠብቆ ለመከፈት እንደ ፍንጭት የሚቸኩል ክፍተት የለም።

ቅሬታዎ ስለ ቀለም ከሆነ ብሬስ መፍትሔ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ ወይም በዝዋይ አካባቢ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ጠጥተው ያደጉ ሰዎች ጥርስ ቡናማ ሲሆን ችግሩ ያለው የጥርሱ ሽፋን ላይ ነው። ክፉኛ በተጎዳ ሽፋን ላይ ደግሞ የብሬሱ ማጣበቂያ እንደ ልብ አይዝም፤ ስለዚህ የት እንዳደጉ ለሐኪሙ መንገር ተገቢ ነው። ጠርዟ የተሸረፈች አንዲት ጥርስ ብቻ ካስከፋችዎት የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ (በኮምፖዚት) በአንድ ቀጠሮ ትሞላለች። ጽፈው ሲያዩት የረባ ቅሬታ ካጡም ይተዉት። ትንሽ የተዛነፈ ጥርስ በሽታ አይደለም።

2. መጀመሪያ ድድዎን ያስመርምሩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ነው በኋላ የሚያዝነው። ወደ ኦርቶዶንቲስት (ብሬስ ወደሚሠራው ስፔሻሊስት) ከመሄድዎ በፊት ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደው ጥርስዎን ያሳጥቡ፣ የተቦረቦረውን ያስሞሉ፣ በድድና በጥርስ መካከል ያለውን ጥልቀትም ያስለኩ። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲነካ የሚደማ ከሆነ የድድ በሽታ ሊኖር ይችላል። በተቆጣ ድድ ላይ ሽቦ መጎተት የአጥንቱን መሳሳት ያፋጥነዋል፤ ጥርሱ ሳይስተካከል ይነቃነቃል።

በተለይ በወጣትነትዎ ያልነበረ ክፍተት ከ40 ዓመት በኋላ ከተፈጠረ፣ ወይም አንዷ የፊት ጥርስ ወደ ውጭ መውጣት ከጀመረች፣ ይህ የቁንጅና ጉዳይ ሳይሆን የድድ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ይታከሙ፣ ጥቂት ወራት ይጠብቁ፣ እንደገና ያስለኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ብሬስ ማውራት ይቻላል።

ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ፣ የስኳር በሽታዎን ካልተቆጣጠሩት፣ ለአጥንት መሳሳት እንደ አለንድሮኔት ያለ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይም እርጉዝ ከሆኑ ሳይጠየቁ ይናገሩ። የአጥንት መድኃኒቶቹ የጥርስን እንቅስቃሴ ሊያዘገዩ ይችላሉ።

ድድዎ እስኪያገግም ባለው ጊዜ ራስዎን ይፈትኑ። ለአንድ ወር በየማታው በጥርስ ክር ያጽዱ። ያለ ሽቦ ያልተቻለ ጽዳት ከሽቦ ጋር አይቻልም፤ መፋቂያ ብቻውን ከሽቦው ሥር አይገባም። በደንብ ያልተጸዳ ብሬስ ሲወልቅ በጥርሱ ላይ ነጭ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል።

3. የጎደለ ጥርስ ካለዎት ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ

ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) አጥንቱ ላይ ስለሚጣበቅ በሽቦ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሁለቱንም ካሰቡ ብዙውን ጊዜ ብሬሱ ይቀድማል፣ ጥርስ ማስተከሉ ይከተላል። የታች መንጋጋ ጥርስ ከተነቀለ ዓመታት ካለፉ ጎረቤቱ ወደ ክፍተቱ ጋደል ይላል፣ ከላይ ያለውም ወደ ታች ይወርዳል፤ ብሬስ ያንን አቅንቶ ቦታ ሊያዘጋጅ ይችላል። በሕፃንነትዎ ግግ ያስወጡልዎት ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ያ ድርጊት አንዳንዴ ከሥር ያለውን የቋሚ ክራንቻ ቡቃያ ስለሚጎዳ ክራንቻው ሳይበቅል ወይም ተበላሽቶ በቅሎ ይገኛል።

4. ለኦርቶዶንቲስቱ እነዚህን ይጠይቁ

ኦርቶዶንቲስት ከጥርስ ሕክምና በላይ ለዓመታት ተምሮ በዚህ ሙያ ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው፤ በዚህ መሠልጠኑን መጠየቅ ነውር አይደለም። የሙሉ አፍ ራጅና የጎን ራጅ ሳያነሳ፣ ድድዎንም ሳያይ ዋጋ የሚነግርዎትን ይተዉት።

ዋናው ጥያቄ «ችግሩ የጥርስ ነው ወይስ የመንጋጋ አጥንት?» የሚለው ነው። በልጅ ላይ የአጥንቱን ዕድገት መምራት ይቻላል፣ የአዋቂ ግን አልቋል። የታችኛው መንጋጋ በጣም ወደፊት ከወጣ ወይም ወደኋላ ከቀረ ያለው አማራጭ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና፣ ወይም ጥርሶችን (አንዳንዴ ነቅሎ) ቦታ አስይዞ ጉድለቱን መሸፈን፣ ወይም መተው ነው። ሦስቱንም እንዲያስረዳዎት ያድርጉ።

«ባልሠራውስ በአሥር ዓመት ውስጥ ምን ይሆናል?» ብለውም ይጠይቁ። የዚህ መልስ ከማስታወቂያው ሁሉ ይበልጣል። የጥርስ ሥር በትንሹ ሊያጥር እንደሚችል፣ ተነባብረው የነበሩ ጥርሶች ሲቃኑ ከድድ አጠገብ ጥቁር ሦስት ማዕዘን ክፍተት ሊታይ እንደሚችልም ይንገርዎት፤ ይህ ከልጅ ይልቅ በአዋቂ ላይ ይበዛል። ብሬስ ራስ ምታትን ወይም የመንጋጋ መንቋቋትን ያድናል ብሎ ቃል ከገባልዎት ሌላ ሐኪም ያማክሩ።

5. ዓይነቱን በአኗኗርዎ ይምረጡ

የብረቱ ብሬስ ጠንካራና ብዙ ጊዜም ርካሹ ነው። የሴራሚኩ የጥርስ ቀለም ስላለው ብዙም አይታይም፣ ግን ሊሰበር ይችላል። ሽቦውን የሚይዘው ትንሽ ላስቲክ ግልጽ እንዲሆን ለመረጠ ደግሞ በእኛ ማዕድ ላይ ዋናው ጠላት በርበሬ ሳይሆን እርድ ነው፤ አንድ ጊዜ አልጫ ከበሉ ላስቲኩ ቢጫ ሆኖ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ይቆያል። ግራጫ ላስቲክ ይጠይቁና ይገላገሉ። እንጀራ፣ ሽሮና ገንፎ ችግር የለባቸውም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራና አጥንት መጋጥ ግን ለጊዜው ይቀራሉ።

አላይነር የሚባለው ተነቃዩ ግልጽ ፕላስቲክ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት፣ ከውኃ በቀር ማንኛውንም ነገር ሲበሉና ሲጠጡ ይወጣል። ለቁርስ፣ ለምሳና ለእራት የሚቀርዎት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ነው። ተቀምጠው ከአቦል እስከ በረካ ቡና ከጠጡ የቀኑ ድርሻ አለቀ። ጾመኛ ሰው ይልቅ ይመቸዋል። አውልቀው የሚረሱ ዓይነት ሰው ከሆኑ የተለጠፈው ይሻልዎታል።

6. ገንዘቡንና ሁለቱን ዓመት ይቁጠሩ

ብዙው የአዋቂ ሕክምና ከ18 እስከ 24 ወር ይፈጃል፣ ቀጠሮውም በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ነው። ለሠርግ የሚደርስ ፈገግታ የፈለገ ወደኋላ ይቁጠር። ራጁ፣ የተላቀቀ ብራኬት (ሽቦውን ይዞ ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ቁራጭ) መተካት፣ ማስወለቂያውና ሪቴይነሩ (ከሽቦው በኋላ ጥርሱን በቦታው የሚያቆየው) በዋጋው ውስጥ እንዳሉ በጽሑፍ ይቀበሉ። ዕቃው ከውጭ ስለሚመጣና ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚተመን፣ አገር ቤት የሚያሠራ ሰው የተስማማበት ዋጋ እስከ መጨረሻው እንደሚጸና ይጠይቅ። በአሜሪካ ብዙ የጥርስ ኢንሹራንሶች ብሬስን የሚሸፍኑት ለልጆች ብቻ ነው፤ ጀርመን ውስጥም መደበኛው የጤና ኢንሹራንስ ከ18 ዓመት በላይ ላለ ሰው የሚከፍለው ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልገው ከባድ የመንጋጋ ችግር ነው።

ሁለት ዓመት አንድ ከተማ የማይቀመጡ ከሆነ አይጀምሩ። ኮንትራቱ ሊያልቅ የቀረበ የዓረብ አገር ሠራተኛ፣ ለእረፍት አዲስ አበባ መጥቶ በርካሽ ላሠራ የሚል ዲያስፖራ፣ ሁለቱም መሐል ላይ ሌላ ሐኪም መፈለጋቸው አይቀርም፤ አዲሱ ሐኪም ደግሞ ብዙ ጊዜ ሒሳቡን እንደገና ይጀምራል። በፖስታ የሚላክ አላይነርም መፍትሔ አይደለም። ስማይልዳይሬክትክለብ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2016 ሲዘጋ ሕክምናቸውን ያልጨረሱ ደንበኞች ሐኪም አልባ ቀሩ።

7. ስለ ሪቴይነር ሳይወስኑ አይፈርሙ

ሽቦው ሲወልቅ ጥርስ ወደ ድሮ ቦታው መመለስ ይጀምራል። የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ብሬስ አድርጎ በማያውቅ ሰው ላይ እንኳ ከዕድሜ ጋር ይጨናነቃሉ። ስለዚህ ከጥርሱ ጀርባ የሚለጠፍ ቀጭን ሽቦ፣ ወይም ማታ ማታ የሚደረግ ፕላስቲክ፣ ወይም ሁለቱም፣ ጥርሱ እንደተስተካከለ እንዲቆይ እስከተፈለገ ድረስ አይቀሩም። ፕላስቲኩ ያልቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በየጥቂት ዓመቱ ይተካል፤ ያንን ወጪ ካሁኑ ይደምሩት። በፈላ ውኃ አያጥቡት፣ ይጣመማል። ምግብ ቤት ሲገቡም በሶፍት ጠቅልለው ትሪው አጠገብ አያስቀምጡት፤ አስተናጋጁ ከተረፈው ጋር ጠርጎ ይወስደዋል።