የኢንተርኔት አቅራቢዎች ስውር ክትትል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኢንተርኔት አገልግሎት አቅራቢ የደንበኛውን የድረ ገጽ ጉብኝት ተከታትሎ ለማስታወቂያ ሲያውል፣ ሥራው የሚከናወነው በደንበኛው ስልክ ላይ ሳይሆን መረጃው በሚያልፍበት መስመር ላይ ነው። አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመነጩት ይህን ካለማስተዋል ነው።

የመጀመሪያው «ክትትል ቢኖር ኖሮ ይነግሩኝ ነበር» ማለት ነው። የብሪታንያው የኢንተርኔት አቅራቢ ቢቲ፣ «ፎርም» ከተባለ የማስታወቂያ ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ሙከራ ያካሄደው ለደንበኞቹ ሳያሳውቅ ነበር፤ ጉዳዩ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2009 በብሪታንያ መንግሥት ላይ የሕግ እርምጃ እስከመጀመር አድርሶታል።

ሁለተኛው የብራውዘርን የግል መስኮት እንደ መደበቂያ መቁጠር ነው። ይህ መስኮት የጉብኝት ታሪክን የሚሰውረው በዚያው መሣሪያ ከሚጠቀሙ ሌሎች ሰዎች እንጂ ከአቅራቢው አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው ኩኪዎችን፣ ማለትም ድረ ገጾች ጎብኚውን ለመለየት በመሣሪያው ላይ የሚያስቀምጧቸውን ትንንሽ ፋይሎች፣ በማጥፋት ብቻ መተማመን ነው። የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ቬራይዘን ከ2012 መጨረሻ አንሥቶ የሞባይል ደንበኞቹ ወደ ድረ ገጾች በሚልኩት ያልተመሰጠረ ጥያቄ ላይ መለያ ቁጥር ይጨምር ነበር። ቁጥሩ የሚታከለው ጥያቄው ከስልኩ ከወጣ በኋላ በመሆኑ ደንበኛው ሊያጠፋው አይችልም፤ እንዲያውም አንድ የማስታወቂያ ድርጅት በዚሁ ቁጥር አማካይነት ሰዎች ያጠፏቸውን ኩኪዎች መልሶ ይተክል እንደነበር በ2015 ተጋልጧል። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2016 ኩባንያውን 1.35 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቶታል፤ ለእንዲህ ያለ ግዙፍ ድርጅት ግን ይህን ቅጣት ብሎ መጥራት ይከብዳል።

ከዚሁ ጉዳይ ሌላም ስህተት ይታያል፤ ይኸውም «አልፈልግም» የሚለውን ምርጫ መርጦ መርካት ነው። ከቬራይዘን የማስታወቂያ ፕሮግራም የወጡ ደንበኞችም ቢሆኑ መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ይለጠፍባቸው ነበር። ስለዚህ ምርጫው የሚያስቀረው የመረጃውን መሰብሰብ ነው ወይስ የማስታወቂያውን መታየት ብቻ የሚለውን ከውሉ ለይቶ ማንበብ ያስፈልጋል።

ግንኙነቱ መመስጠሩን ለማሳየት በአንዳንድ ብራውዘሮች ላይ በአድራሻው አጠገብ የምትታየው የቁልፍ ምልክትም ታታልላለች። ምስጠራው የገጹን ይዘት ቢሸፍንም፣ የድረ ገጹ ስም በዲኤንኤስ ጥያቄ (የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥራዊ አድራሻ ለመለወጥ በሚላክ ጥያቄ) እና በግንኙነቱ መክፈቻ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ግልጽ ሆኖ ያልፋል። ስለ አንድ በሽታ ብቻ የሚያወሳን ድረ ገጽ በየሌሊቱ የሚከፍት ሰው ምን እንዳነበበ ባይታወቅም፣ ምን እንዳሳሰበው ለመገመት ስሙና ሰዓቱ ይበቃሉ። የዲኤንኤስ ጥያቄን ማመስጠር ቀዳዳውን ያጠበዋል እንጂ አይደፍነውም።

በመጨረሻም፣ ቪፒኤን (ግንኙነቱን አመስጥሮ በሌላ ድርጅት ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት) ጉብኝቱን ከአቅራቢው ዓይን ቢሰውርም ያንኑ ዕይታ ለቪፒኤኑ ባለቤት አሳልፎ ይሰጣል፤ በነጻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ገቢውን ከየት እንደሚያገኝ ሳይጠይቁ መጫን አይገባም።