የመኪና መብራትን በምሽት እንደ ክር ዘርግቶ ፎቶ ማንሳት፦ እንዴት እንደሚሠራ

ቀለበት መንገድ ላይ ካለ የእግረኛ ድልድይ የተነሳ የምሽት ፎቶ አይታችሁ ይሆናል። አንድም መኪና የለበትም። ያለው መንገዱን ይዞ የሚነጉድ ቀይና ነጭ የብርሃን ክር ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሲያየው "ይሄማ በኮምፒዩተር የተሠራ ነው" ይላል። አይደለም። ካሜራው ለ10 ወይም ለ15 ሰከንድ ዓይኑን ሳይጨፍን ስላየ ነው። ውድ ካሜራም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቦታ መምረጥና በሰዓቱ መገኘት ነው፤ በተለይ በሰዓቱ መገኘት።

ነገሩ የገባኝ አንድ የጥንት ፎቶ ሳይ ነው። በ1838 እ.ኤ.አ. ሉዊ ዳጌር ፓሪስ ውስጥ ቡልቫር ዱ ታምፕል የሚባለውን ጎዳና ከፍ ካለ መስኮት ሆኖ አነሳው። ቀን ነው፤ ጎዳናው ሰውና ጋሪ የሚተራመስበት ነው። ፎቶው ላይ ግን ጭር ብሏል። የዚያን ጊዜ ካሜራ በቂ ብርሃን ለመሰብሰብ ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለነበር፣ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ አሻራ ሳይተው አልፏል። ለይቶ የሚታየው አንድ ሰው ነው። ጫማውን ሊስትሮ እያስጠረገ ስለቆመ ቀረ።

በምሽትም ሕጉ ያው ነው። የመኪናው አካል ጨለማ ስለሆነ አሻራ አይተውም፤ መብራቱ ግን ባለፈበት ሁሉ መስመር ያሰምራል። ሕንፃውና አስፋልቱ ባሉበት ስለቆሙ ጥርት ብለው ይወጣሉ። ሥራችን እንግዲህ የሚቆመው በደንብ እንዲቆም፣ የሚሄደው ደግሞ በደንብ እንዲሄድ ማድረግ ነው።

ዕቃ

ማኑዋል ሞድ (ሁሉን በእጅ ማስተካከል የሚያስችል) ያለው ካሜራ፣ ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ)ና ሙሉ ቻርጅ የተደረገ ባትሪ ይበቃል። ትሪፖዱ ቀላል ከሆነ መሐል ዘንጉ ላይ ክብደት አንጠልጥሉበት። እኔ ሁለት ሃይላንድ ውሃ በፌስታል አድርጌ እሰቅላለሁ። ፌስታሉ መሬቱን ነካ ማድረግ አለበት። አየር ላይ ከተንጠለጠለ ንፋስ ሲያወዛውዘው ካሜራውንም አብሮ ያወዛውዘዋል።

ስልክ ብቻ ያላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ፕሮ በሚለው ሞድ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ለብዙ ሰከንድ ክፍት ማድረግ ያስችላሉ። አይፎን ላይ ደግሞ ላይቭ ፎቶ አንስታችሁ በኋላ ሎንግ ኤክስፖዠር የሚለውን መምረጥ ነው። ስልኩም ቢሆን ትሪፖድ ላይ መቆም አለበት፤ በእጅ አይሆንም።

ቦታውን በቀን እዩት

ጥሩ ቦታ ከፍ ያለ፣ መኪና ሳይቆም የሚሄድበትና ከጀርባው የሚታይ ነገር ያለው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቀለበት መንገድ ድልድዮች ለጀማሪ የሚመቹት ለዚህ ነው። ቸርችል ጎዳናን ከማዘጋጃ ቤት በኩል ሆናችሁ ወደ ለገሃር ቁልቁል ብታነሱት መንገዱ ራሱ ዓይንን ይዞ ይወርዳል። መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ ሆኖ ማየትም ደስ ይላል፤ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ከፊት ለፊት ሕንፃዎች አሉ።

አገራችን በቀኝ ስለሚነዳ፣ ወደ መንገዱ አቅጣጫ ፊታችሁን ብታዞሩ በቀኛችሁ የሚሄዱት ጀርባቸውን ይሰጧችኋል፤ ቀይ ክር ማለት ነው። በግራ የሚመጡት ነጭ ይሆናሉ። ፎቶው ላይ የትኛው ቀለም እንዲበዛ እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ካሰባችሁ የት እንደምትቆሙ ታውቃላችሁ። ቀዩ እንዲበዛ ማድረግ እመርጣለሁ። ነጩ ብርሃኑ በዝቶ ፎቶውን ቶሎ ያቃጥላል።

ትሪፖድ ዘርግቶ የቆመ ሰው ጥያቄ ያስነሳል። አንድ ምሽት ገና ካሜራውን ሳልተክል አንድ ጥበቃ መጥተው "ምንድነው የምትቀርጸው?" አሉኝ። ካሜራው ስክሪን ላይ የቀድሞ ፎቶዎቼን አሳየኋቸው። ብርሃኑን አይተው ተገረሙና አጠገቤ ቆመው ማየት ጀመሩ። ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ፣ መታወቂያ ያዙ፣ ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲና ወታደራዊ ቦታ ወደሚገኝበት ካሜራ አታዙሩ። ብቻችሁንም አትሂዱ። አንድ ዓይን ሌንሱ ላይ ሲሆን ሌላው ቦርሳው ላይ መሆን አለበት።

ሰዓቱ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "የምሽት ፎቶ" ስለተባለ ድቅድቅ እስኪል እንጠብቃለን። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎቼ ሁሉ ከላይ ጥቁር፣ ከታች ጥቁር፣ መሐል ላይ ክር ነበሩ። ሕንፃው ከሰማዩ አይለይም። ምርጡ ሰዓት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ የመንገዱ መብራት ከበራበት ጀምሮ ነው።

ይህ ሰዓት ደግሞ እኛ ጋ አጭር ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ወደ ጎን ሳታዘነብል ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። አውሮፓ በበጋ ድንግዝግዙ በጣም ይረዝማል፤ አዲስ አበባ ግን ፀሐይ በጠለቀች በ20 ደቂቃ ገደማ ጨለማው መክበድ ይጀምራል። ኅዳር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፣ ሐምሌ ላይ ወደ 12፡45። ስለዚህ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ትሪፖዱ ተተክሎ፣ ፎከሱ ተይዞ፣ ሁሉ ነገር አልቆ ሰማዩን ጠብቁ። የዚያን ሰዓት ደግሞ የታክሲ ሰልፍና የመንገድ መጨናነቅ አለ፤ በእግር የምትደርሱበት ቦታ ብትመርጡ ይሻላል።

ካሜራውን ማስተካከል

ሞዱን ማኑዋል ላይ አድርጉ። አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚቀበልበት መጠን) 100። አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ፎቶው በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) ይቀመጥ። ሌንሱ ላይ የመንቀጥቀጥ መከላከያ ካለ አጥፉት፤ ትሪፖድ ላይ ሆኖ ሲሠራ የሌለ እንቅስቃሴ እየፈለገ ፎቶውን ሊያደበዝዘው ይችላል።

ፎከስ ለመያዝ ስክሪኑ ላይ ሩቅ ያለ የመንገድ መብራት ወይም የሕንፃ ጠርዝ አጉልታችሁ ጥርት እስኪል አስተካክሉ። ከዚያ ወደ ማኑዋል ፎከስ ቀይሩት፤ አትንኩት። የማንሻውን ቁልፍ በጣት ስትጫኑት ካሜራው ስለሚነቃነቅ የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ።

አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 16 ብታጠቡት የመንገድ መብራቶቹ ጨረር ያወጣሉ፤ ኮከብ ይመስላሉ። የጨረሩ ብዛት የሚወሰነው ቀዳዳውን በሚያጠብቡት የሌንሱ ስስ ቅጠሎች ነው። 8 ቅጠል 8 ጨረር ይሰጣል፣ 7 ቅጠል ግን 14። ከኤፍ 16 በላይ ካጠበባችሁ ፎቶው ጥራቱን ያጣል።

ስንት ሰከንድ?

በመኪናው ፍጥነት አስቡት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፎቶው ውስጥ የሚታየው መንገድ 150 ሜትር ከሆነ፣ አንድ መኪና ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ 14 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከዚያ ካሳጠራችሁ ክሩ መሐል ላይ ይበጠሳል።

ብርሃኑ ልክ መሆኑን ለማወቅ በየጊዜው 15 ሰከንድ መጠበቅ አያስፈልግም። አይኤስኦውን ለሙከራ 3200 አድርጋችሁ በግማሽ ሰከንድ አንሱ። ብርሃኑ ከጣማችሁ አይኤስኦውን ወደ 100 መልሱና ሹተሩን 15 ሰከንድ አድርጉት። አይኤስኦው በ32 እጥፍ ሲቀንስ ጊዜውም በዚያው ያህል ገደማ ይጨምራል። ሰማዩ በየደቂቃው ስለሚጨልም ሙከራውን ቶሎ ቶሎ ድገሙት።

የትራፊክ መብራት ሲኖር

ቀይ እያለ ሹተሩን ከከፈታችሁና መሐል ላይ አረንጓዴ ከበራ፣ ፎቶው ላይ ሁለቱም በርተው ይገኛሉ። ሰከንድ ወደ ኋላ የሚቆጥሩት መብራቶች ላይ ደግሞ ቁጥሮቹ ተደራርበው 8 ይመስላሉ። ቆመው የነበሩት መኪኖችም ግማሽ አካላቸው እንደ ጥላ ይቀራል። ስለዚህ አረንጓዴው በርቶ የመጀመሪያው ሚኒባስ መነቃነቅ ሲጀምር ክፈቱ፤ ቢጫው ሳይመጣ ይዘጋ።

መኪና የሚመጣው ተቆራርጦ ከሆነ አንድ ዘዴ አለ። ሹተሩን ለ30 ሰከንድ ክፈቱና መንገዱ ባዶ ሲሆን ሌንሱን በጥቁር ካርቶን ሸፍኑ፣ መኪና ሲመጣ አንሱት። ካርቶኑ ሌንሱን አይንካ። በዚህ መንገድ የመንገዱ መብራት ሳያቃጥል ክሩ ይጠራቀማል።

ድልድይ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ከመክፈታችሁ በፊት መዳፋችሁን የድልድዩ ብረት ላይ አሳርፉ። ከባድ መኪና ከሥር ሲያልፍ ብረቱ እጃችሁ ውስጥ ሲርገበገብ ይሰማችኋል። ሰው ሲሻገርም እንዲሁ። ያ መርገብገብ ፎቶው ላይ የሕንፃው መስኮቶች ድርብ ሆነው ይወጣሉ ማለት ነው። ጸጥ እስኪል ጠብቁ፣ ከዚያ ክፈቱ።

ዝናብና ጨለማ

ክረምትን አትፍሩት። ዝናብ ካባራ በኋላ ርጥብ አስፋልት ቀዩንም ነጩንም መልሶ ያንጸባርቃል፤ አንድ ክር ሁለት ይሆናል። ጃንጥላና ደረቅ ጨርቅ ያዙ። ሌንሱ ላይ አንዲት ጠብታ ካረፈች እያንዳንዱ መብራት ዙሪያ ጭጋግ ስለሚሠራ በየፎቶው መሐል ጥረጉ።

መብራት ቢጠፋም ትሪፖዱን አትንቀሉት። ሠፈሩ ሁሉ ጨለማ ሲውጠው ሹተሩን 30 ሰከንድ አድርጉና ጠብቁ። አንዴ እንዲህ አጋጥሞኝ ስክሪኑን ሳይ፣ ከመኪናዎቹ ክር በቀር የበራ ነገር አልነበረም። የግንቡን ጠርዝ፣ የዛፎቹን ግንድ፣ በመንገዱ ዳር የቆመች ሴትን ሳይቀር እያበራ ያሳየኝ የሚያልፈው መኪና መብራት ነበር።