ቤልግሬድን በሙቀቱ ወራት ከትንንሽ ልጆች ጋር እንዴት መዞር ይቻላል

ሰርቢያን ለእረፍት ያሰባችሁ እናትና አባቶች፣ ቤልግሬድ በጁላይና በኦገስት ቀልድ አታውቅም። እኔ የ3 እና የ6 ዓመት ልጆቼን ይዤ ከጀርመን ነው የሄድኩት፣ "አዲስ አበባ ያደገ ሰው ፀሐይ ምን ያደርገዋል" ብዬ ነበር፣ ለካ የአዲስ አበባ ፀሐይ ጥላ ስትገቡ ይለቃችኋል የዛኛው ግን ጥላም ውስጥ ተከትሎ ይመጣል፣ ድንጋዩና አስፋልቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 2007 ከተማዋ 43.6 ዲግሪ ደርሳ ታውቃለች። የመጀመሪያ ቀን በቀትር ክኔዝ ሚሃይሎቫ የሚባለው የእግረኛ መንገድ መሀል ላይ ትንሹ ልጄ መሬት ተዘርግቶ አልነሳም አለ፣ ሰው ሁሉ ያየናል፣ እኔም አጠገቡ ብተኛ ደስ ይለኝ ነበር። ከዛ በኋላ የሠራልንን ነው የምጽፍላችሁ።

1. ቀኑን ለሁለት ክፈሉት

ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን ያዙ። ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውጡ፣ 5 ሰዓት ሲሆን የትም ብትሆኑ ተመለሱ፣ ምሳ፣ ሻወር፣ እንቅልፍ (የናንተንም ጭምር)፣ ከዛ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና ውጡ። በጁላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሆነ ሁለተኛው ክፍል አጭር አይደለም። "ልጅ በጊዜ ይተኛል" የሚለውን የጀርመን ሕግ እዛ እርሱት፣ የሰርቦቹ ልጆች ማታ 4 ሰዓት ላይ ገና መጫወቻ ሜዳ ዥዋዥዌ ላይ ናቸው። በግማሽ ቀን አንድ ቦታ ብቻ፣ ሁለት ካላችሁ ሁለተኛው ላይ ለቅሶ ነው።

2. ቤቱን በደንብ ምረጡ

ቀትር ላይ የምትመለሱበት ስለሆነ ኤሲ ያለው መሆኑን ብቻ ሳይሆን መኝታ ክፍሉ ድረስ መድረሱን ጠይቁ፣ ሊፍት መኖሩንም። ዶርቾል ሰፈር ደስ ይላል፣ ዛፍም ካፌም ሞልቶታል፣ ግን ከዛ ወደ መሀል ከተማ ዳገት ነው። የውጭ ሰው በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጋ መመዝገብ አለበት፣ ሆቴል ከሆነ እነሱ ያደርጉታል፣ አፓርታማ ከሆነ ግን አከራዩን "ቤሊ ካርቶን" በሉትና ወረቀቱን ተቀበሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ደግሞ የቪዛውን ነገር ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ኤምባሲ አጣሩ።

3. አትራመዱ፣ ተሳፈሩ

የከተማው አውቶቡስና ትራም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ነጻ ነው፣ ትኬት የለ ምን የለ ገብታችሁ ቁጭ። ይሄ ከልጅ ጋር ትልቅ ነገር ነው፣ ለሁለት ፌርማታም ቢሆን ሳትሳቀቁ ትሳፈራላችሁ። ችግሩ አሮጌዎቹ ትራሞች ደረጃቸው ከፍ ያለ ነው፣ ስለዚህ በአንድ እጅ የሚታጠፍ ቀላል የልጅ ጋሪ ነው የሚያዋጣው። ጋሪውን ደግሞ ፀሐይ እንዳያገኘው ብላችሁ በነጠላ ወይ በብርድ ልብስ አትሸፍኑት፣ ውስጡ አየር አጥቶ ምድጃ ይሆናል። ዣንጥላ ይሻላል።

አንድ የሳቅኩበት ነገር ልንገራችሁ፣ ሰርቦች "ፕሮማያ" የሚሉት ነገር አለ፣ ከመስኮት ወደ መስኮት የሚያልፍ ንፋስ ማለት ነው፣ ሰው ያሳምማል ብለው ያምናሉ። በዛ ሙቀት አንዷ አሮጊት አውቶቡስ ውስጥ ልጄ ላይ ንፋስ እንዳይመታው ብለው መስኮቱን ዘጉት። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ያለሁ ነው የመሰለኝ፣ ወላሂ።

4. ጠዋቱን ለካሌሜግዳን ስጡት

ሳቫና ዳኑብ የሚባሉት ወንዞች የሚገናኙበት ላይ የተሠራ የድሮ ምሽግ ነው፣ ግቢው ዛፍ በዛፍ፣ መግቢያው በነጻ። ልጆች እስኪሰክኑ አትጠብቁ፣ ቀጥታ ወደ ዙው (መካነ አራዊቱ) ሂዱ፣ እዛው ምሽጉ ጋ ነው ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ነው የተከፈተው፣ እንስሶቹም እንደኛው ሙቀት ሲመጣ ይደበቃሉና በጠዋት ካልሆነ ልጆቹ የሚያዩት የአንበሳ ጀርባ ነው። እዛ በ1937 የመጣ፣ የሁለተኛውን ዓለም ጦርነት ቦምብ የተረፈ አሊጌተር አለ። ስሙ ሙያ ነው። ሙያው ግን መተኛት ነው፣ እኛ ባለንበት ግማሽ ሰዓት አንዴ ነው አይኑን የገለጠው።

ከዙ በኋላ ጉልበት ከተረፋቸው በወታደራዊ ሙዚየሙ ዙሪያ ደጅ የተደረደሩ ታንኮችና መድፎች አሉ፣ ግን ብረቱ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል፣ እንዳይነኩ። እኔ ይልቅ ወደ ታች ሩዢጻ ወደምትባለው ትንሽ ቤተክርስቲያን ሂዱ እላለሁ፣ ግድግዳዋ በሐረግ ተሸፍኖ ውስጧ ቀዝቃዛ፣ የጣራዋ መብራቶች ከጥይት ቀለሀ የተሠሩ ናቸው፣ ትልቁ ልጄ እስካሁን ያወራዋል። ጎኗ የቅድስት ፔትካ ጸሎት ቤት አለች፣ ምንጭ አላት፣ ሰው በጠርሙስ ይቀዳል ይጠጣል ፊቱን ይታጠባል። ጠበል ነው በቃ። ልጆቼን ማስረዳት አላስፈለገኝም።

5. ቀትር ላይ የግድ ውጭ ከሆናችሁ

ወፍራም ግድግዳ ፈልጉ። ቭራቻር ሰፈር ያለው የቅዱስ ሳቫ ቤተክርስቲያን በዓለም ካሉ ትልልቅ የኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያኖች አንዱ ነው፣ መግባት በነጻ፣ ውስጡ ሞዛይክ በሞዛይክ፣ በደረጃ ወርዳችሁ ምድር ቤቱን ስታዩ ደግሞ ወርቅ በወርቅ። ነጠላ ቢጤ ቦርሳ ውስጥ ይኑራችሁ፣ በቁምጣና በባዶ ትከሻ እንዳትገቡ። የኒኮላ ቴስላ ሙዚየም ትንሽ ነው፣ ኤሌክትሪኩን ሲያሳዩ ልጆች የያዙት የመብራት ዘንግ ሽቦ ሳይነካው ይበራል፣ ግን ድምጹ ይጮሃል፣ የኔ ትንሹ ፈርቶ አለቀሰ። ከ5 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ይሆናል።

የዩጎዝላቪያ ሙዚየም ለልጅ ብቻ ብዬ አልልም፣ ለኔ ነው የሄድኩት። የድሮዋ ዩጎዝላቪያ መሪ የነበረው የቲቶ መቃብር እዛ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1961 የገለልተኛ አገሮች ጉባኤ ቤልግሬድ ሲደረግ ጃንሆይ ተገኝተዋል፣ ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልትም የቀረጹት የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው፣ ኦጉስቲንቺችና ክርሺኒች። ልጆቹ ግን የወደዱት ድሮ ለቲቶ ልደት እየተሯሯጡ ይቀባበሏቸው የነበሩትን ዱላዎች ነው፣ በመቶ የሚቆጠር ዱላ ተደርድሮ።

6. አዳ ላይ አንድ ከሰዓት አሳልፉ

አዳ ሲጋንሊያ ሳቫ ወንዝ ላይ ያለ ደሴት ነበር፣ አሁን በግድብ ከመሬት ጋር ተያይዞ ጎኑ ሐይቅ ሆኗል፣ ቤልግሬዶች "ባሕራችን" ይሉታል። መግቢያ አይከፈልም። ዳርቻው ጠጠር ስለሆነ ውሃ ውስጥ የሚገባ ጫማ ያዙ፣ ያለዛ ልጁን ተሸክማችሁ ነው የምትውሉት። ዋና ጠባቂዎች አሉ ግን ያንን አይታችሁ ስልክ ላይ እንዳትተኙ፣ ትንሽ ልጅ ድምጽ ሳያሰማ ነው የሚሰምጠው፣ እጃችሁ ከሚደርስበት አይራቅ። ቅዳሜና እሁድ ሕዝቡ አይጣል ነው፣ በሥራ ቀን ሂዱ። "እኛን ፀሐይ አያቃጥለንም" የሚለውን ወሬ ተዉት፣ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፣ ቅባቱን በየ2 ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር ድገሙ።

7. ውሃና ምግብ

የቧንቧው ውሃ ይጠጣል፣ መንገድ ላይም "ቼስማ" የሚሉት የውሃ ምንጭ አለ፣ ክኔዝ ሚሃይሎቫ ላይ ያለው ዴሊይስካ ቼስማ ስንቴ እንዳዳነን። ጠርሙስ ይዛችሁ ሙሉ፣ ባርኔጣቸውንም ንከሩላቸው። ልጁ ጠማኝ እስኪል አትጠብቁ። ከ6 ወር በታች ያለ ሕጻን ውሃ ሳይሆን ጡት ቶሎ ቶሎ ነው። ዳቦ ቤት "ፔካራ" ነው፣ ቡሬክ (በስጋ ወይ በአይብ የተሞላ ስስ ሊጥ) ከእርጎ ጋር ጥሩ ቁርስ ነው ግን ዘይት አለበት፣ በቀትር አይሆንም። ፍልሰታን የምትጾሙ "ፖስኖ" የምትለዋን ቃል ያዙ፣ የጾም ማለት ነው፣ የነሱም የኦገስት ጾም ከኛው ጋር በከፊል ይገጥማል፣ ድንች ያለበት ፒታ አለ (ዓሣን ግን አንዳንዴ ፖስኖ ይሉታል፣ ጠይቁ)። ካሌኒች ገበያ ሐብሐብና ኮክ በጥሬ ገንዘብ በዲናር ግዙ። ካፌ ውስጥ ሰው ያጨሳል፣ ስለዚህ ሁሌ ደጅ ጥላ ስር ተቀመጡ።

8. ልጁን ሙቀት እንደመታው እንዴት ታውቃላችሁ

አፉ ከደረቀ፣ እያለቀሰ እንባ ከሌለው፣ ዳይፐሩ ለብዙ ሰዓት ደረቅ ከሆነ፣ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ወስዳችሁ ቶሎ ቶሎ በጥቂቱ አጠጡት። ኦአርኤስ "አፖቴካ" ከሚሉት ፋርማሲ ይገኛል፣ አረንጓዴ መስቀል ያለበት ነው፣ እኛ ከቤት ይዘን ነበር። ሰውነቱ ነዶ ከፈዘዘ፣ ከተደናገረ ወይም ራሱን ከሳተ ግን መጠበቅ የለም፣ 194 አምቡላንስ ነው፣ እስኪመጣ ልብሱን አውልቃችሁ ውሃ እያደረጋችሁ አራግቡት።

የመጨረሻውን ማታ ዜሙን የሚባለው ሰፈር ሂዱ፣ በዳኑብ ዳር ሜዳው ጠፍጣፋ ነው ጋሪው ይሮጣል፣ ስኩተርም ይዛችሁ ከሆነ ልጆቹ እዛ ነው የሚለቀቁት። አይስክሬም "ስላዶሌድ" ነው። ጋርዶሽ ግንብ ያለበት ኮረብታ ላይ እንውጣ ካሉ ዳገቱን ትልቁ ይወጣል ትንሹን ትሸከማላችሁ፣ እኔ ተሸክሜ ወጥቼ ጣሪያዎቹን አይቼ በቃኝ ብያለሁ። ፀሐይ እንደጠለቀች ቢምቢው ይመጣል፣ መከላከያውን ከቤት ሳትወጡ ቀቡ፣ እኛ ረስተን የትንሹ ጆሮ ፍራንክፈርት እስክንገባ አብጦ ነበር።