በጣና ዳር ጭቃ የባሕር ጃርትን ወደ ሳንድ ዶላር እንዴት እንቀይራለን

ባሕር ዳር ከተማ ሆኖ ስለ ባሕር ጃርት፣ ስለዚያ ድቡልቡል እሾሃም የባሕር እንስሳ፣ ማስተማር ይቻላል፣ ያውም በእጅ እየነኩ። ሳንድ ዶላር፣ ያ ጠፍጣፋው የአሸዋ ውስጥ እንስሳ፣ ራሱ የባሕር ጃርት ነው። ይህን በቃል ብቻ ብትነግሯቸው ልጆች አያምኗችሁም። በጭቃ ሲሠሩት ግን ያዩታል።

የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር፣ ትንሽ አሸዋና አንድ ቀጭን እንጨት አዘጋጁ። ጥቁር አፈር ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አሸዋው ለዚያ ነው። አፈሩን ከደረቁ ዳርቻ ውሰዱ፤ ቢልሃርዚያ ስላለ ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ እየገቡ እንዳይቆፍሩ።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ ጣና ውስጥ የባሕር ጃርት የለም። የባሕር ጃርት፣ ሳንድ ዶላርና የባሕር ኮከብ ያሉበት ወገን በሙሉ የሚኖረው ባሕር ውስጥ ነው። የሰውነታቸውን ጨው እንደ ዓሣ መቆጣጠር ስለማይችሉ ጨው የሌለው ውኃ አይስማማቸውም። ለኛ የሚቀርበን ቀይ ባሕር ነው።

አሁን ጭቃውን አድቦልቡሉ፣ መዳፍ የሚሞላ ይሁን። ከሥሩ መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ ብሱ፣ አፉ ነው። ከአናቱ ላይ ሌላ ቀዳዳ ብሱ፣ ይሄኛው ፊንጢጣው ነው። አዎ፣ የባሕር ጃርት ከሥር በልቶ በአናቱ ያወጣል፤ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ይሳቁ፣ አይረሱትም። ከላይኛው ቀዳዳ እስከ አፉ ድረስ እኩል የተራራቁ አምስት መስመሮች አውርዱ፣ በየመስመሩም ግራና ቀኝ ጥቃቅን ነጥቦች ውጉ። በእነዚያ ነጥቦች በኩል ለስላሳ ቱቦ እግሮቹ ይወጣሉ። እውነተኛው ቅርፊት ከሃያ የሰሌዳ ረድፎች የተሠራ ነው፦ አምስት ጥንድ ቀዳዳ ያለው፣ አምስት ጥንድ የሌለው። አፉ ውስጥም አምስት ጥርስ አለ። እሾህ መትከል ከፈለጋችሁ ትከሉ፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ልጆች ይወዱታል።

የባሕር ጃርት ወገን ከ450 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ አለ። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በፐርሚያን ዘመን ማብቂያ በደረሰው ትልቅ እልቂት ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ዛሬ ያሉት ሁሉ የጥቂት ተራፊዎች ዘር ናቸው።

ቀጥሎ ያለው ዋናው ነው፣ አትቸኩሉ። የአናቱን ቀዳዳ ድፈኑና በአንድ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ብሱት። ከዚያ ልጆቹን ጠይቁ፦ ይሄ እንስሳ አሁን ወደ የት ነው የሚሄደው? ድቡልቡሉ ፊትና ኋላ አልነበረውም፣ ወደፈለገው አቅጣጫ ይሄድ ነበር። ቀዳዳው ወደ ጎን ሲወርድ ግን ኋላ ተፈጠረ፣ ኋላ ካለ ደግሞ ፊት አለ። አሸዋና ደለል ውስጥ እየቆፈረ ለሚኖር እንስሳ ቆሻሻን ከኋላ ትቶ ወደፊት መሄድ ትልቅ ነገር ነው። ይህ ለውጥ የተጀመረው ከ190 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በጁራሲክ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ለኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው፣ የአንድ ቀዳዳ ቦታ መቀየር የእንስሳውን አኗኗር ሁሉ ይዞ መቀየሩ።

አሁን እንደ ቂጣ ጠፍጥፉት። ፊንጢጣውን ወደ ሥር አዙሩት፣ ከኋለኛው ጠርዝ አጠገብ ይሁን። አፉ መሃል ላይ ይቆይ። ከላይ ያሉትን አምስት መስመሮች አሳጥራችሁ የአበባ ቅጠል መልክ ስጧቸው፤ እዚያ ያሉት ቱቦ እግሮች መተንፈሻ ሆነዋል። ረጃጅሙ እሾህም አጥሮ ፀጉር አክሏል። ሳንድ ዶላር ሆነ ማለት ነው። አምስቱ መስመር አለ፣ አምስቱ ጥርስ አለ። በእርግጥ ቅርፊቱ እንዳይሰበር ከውስጥ ጣሪያና ወለሉን የሚያገናኙ ምሰሶዎች ጨምሯል። የመጀመሪያዎቹ የሳንድ ዶላር ዘመዶች ቅሪተ አካላት የሚታዩት ከ60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ፣ ትልልቆቹ ዳይኖሰሮች ካለቁ በኋላ ነው።

ጭቃ ከተረፋችሁ እጩንም፣ ማለትም ከእንቁላል የሚወጣውን ገና ያላደገ ልጁን፣ ሥሩ። ሾጣጣ አካል፣ ረጃጅም ክንዶች፣ ግራና ቀኙ እኩል፤ አምስት የሚባል ነገር ገና የለበትም። በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ትንሽ ነው፣ እየዋኘ ጥቃቅን አልጌ ይበላል። አምስት ክፍል ያለው ትንሹ የባሕር ጃርት በእጩ ግራ ጎን ውስጥ ያድጋል። ስለዚህ በእንጨቱ ግራውን ምልክት አድርጉበት። ጊዜው ሲደርስ እጩ ወደ ወለል ይወርዳል፣ ክንዶቹ ይሟሽሻሉ፣ ከውስጡ ትንሿ ጃርት ትወጣለች። በ1891 እ.ኤ.አ. ሃንስ ድሪሽ የተባለ ጀርመናዊ ለሁለት የተከፈለ የባሕር ጃርት ጽንስን ነጣጥሎ ሲያሳድግ ከእያንዳንዱ ግማሽ አነስ ያለ ግን ሙሉ እጭ አግኝቷል። ይህን ስትነግሯቸው ጭቃውን ለሁለት ቁረጡት።

ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ደጀንን አልፋችሁ የአባይን በረሃ ስትወርዱ ነጣ ያለውን የኖራ ድንጋይ እዩት። በጁራሲክ ዘመን የባሕር ወለል ነበር። ባለ አምስት መስመር ድቡልቡል ቅሪተ አካል እዚያ ፈልጉ። ሳንድ ዶላር ግን አትፈልጉ፣ ድንጋዩ ከሳንድ ዶላሮች በብዙ አሥር ሚሊዮን ዓመታት ይቀድማል። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ መኪናው በደህና ቦታ ይቁም። ካገኛችሁ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱት፤ ቅርስ ነውና ከቦታው አታንሱት።