በዳታቤዝ ኮድ ውስጥ የጋራ ፊልድ ያላቸውን የሲ ስትራክቶች እንዴት እናዋቅር?

ሲ ውስጥ ኢንሄሪታንስ፣ ማለትም አንድ ዓይነት የሌላውን ፊልዶች የሚወርስበት መንገድ፣ የሚባል ነገር የለም። ያለው ፊልዶችን አንድ ላይ የሚይዘው ስትራክት ነው። ዳታቤዝ ደግሞ ያለ እሱ አይሆንለትም፦ ስካኑም፣ ሶርቱም፣ ሃሽ ጆይኑም የኩዌሪ ፕላን ኖድ (የጥያቄው አፈጻጸም ዕቅድ አንድ እርምጃ) ነው፤ ሁሉም የወጪና የረድፍ ብዛት ግምት ይይዛል።

ፊልዶቹን ከስትራክት ወደ ስትራክት ኮፒ ማድረግ ይቀላል። እኔም አድርጌዋለሁ። ከሦስት ስትራክቶች ሁለቱ ላይ አዲስ ፊልድ ጨምሬ ሦስተኛውን ረሳሁት። ፖይንተሩ ካስት የተደረገ (በግድ ወደ ሌላ ዓይነት የተቀየረ) ስለነበር ኮምፓይለሩ ትንፍሽ አላለም፤ ፕሮግራሙ የገጽ ቁጥሩን የረድፍ ብዛት ነው ብሎ ሲያነብ እኔ ሁለት ቀን ሌላ ፋይል ስበረብር ከረምኩ።

መጀመሪያ በእርግጥ የጋራ የሆነውን ለዩ። ስም መመሳሰሉ አይበቃም። የስትራክቱን ዓይነት ሳያውቅ ያንን ፊልድ የሚነካ ፈንክሽን ከሌለ፣ ፊልዱ ባለበት ይቆይ።

ቀጥሎ የተለዩትን አንድ መሠረት ስትራክት ውስጥ አስገቡ። የመጀመሪያው ፊልድ ዓይነቱን የሚናገር ኢነም (ስም የተሰጣቸው ቁጥሮች ዝርዝር)፣ ማለትም ታግ ይሁን።

ከዚያ መሠረቱን የእያንዳንዱ ልጅ ስትራክት (በመሠረቱ ላይ የራሱን ፊልድ የሚጨምር) የመጀመሪያ አባል አድርጉት፤ በፖይንተር ሳይሆን ራሱን። የሲ ስታንዳርድ የስትራክት አድራሻና የመጀመሪያ አባሉ አድራሻ አንድ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ከፊቱ ክፍት ቦታ አይገባም። ፖስትግሬስኪውኤል የሚሠራው እንዲህ ነው፦ "ሴክስካን" በ"ስካን" ይጀምራል፣ "ስካን" በ"ፕላን"፣ "ፕላን" ደግሞ በታጉ። ኤስኪውላይትም ቨርቹዋል ቴብል (ዳታው ከራሳቸው ኮድ የሚመጣ ሠንጠረዥ) የሚጽፉ ሰዎች የእሱን ስትራክት መጀመሪያ ላይ አድርገው የራሳቸውን ፊልድ ከኋላ እንዲጨምሩ ያደርጋል።

አንድ ቀን ማንም ሰው ከመሠረቱ በፊት ፊልድ ሊሰካ ይችላል። ስለዚህ የመሠረቱ ኦፍሴት (ከስትራክቱ መጀመሪያ ያለው ርቀት) ዜሮ መሆኑን ኮምፓይል ሲደረግ በሚፈትሸው በስታቲክ አሰርት አስፈትሹ። ከ2011ዱ ስታንዳርድ ጀምሮ ቋንቋው ውስጥ አለ።

የፊልዶቹን ቅደም ተከተልም እዩ። በ64 ቢት ማሽን ላይ 4 ባይት ታግ፣ 8 ባይት ፖይንተር፣ 4 ባይት ቁጥር ብላችሁ ብትደረድሩ በአሰላለፍ ምክንያት (ፖይንተሩ በ8 በሚካፈል አድራሻ ላይ እንዲያርፍ ክፍት ቦታ ስለሚገባ) 24 ባይት ይሆናል። ቁጥሩን ከታጉ አጠገብ ብታመጡት 16 ይበቃል። ልዩነቱ በየልጁ ስትራክት ይደገማል።

በመጨረሻ ከመሠረት ወደ ልጅ የሚደረገውን ካስት በየቦታው አትበትኑት። ታጉን አረጋግጦ የሚቀይር አንድ ማክሮ ጻፉ። ፖስትግሬስኪውኤል "ካስትኖድ" የሚለው አለው፤ ፍተሻው የሚሠራው ግን አሰርት (ፕሮግራሙ ሲሮጥ የሚደረግ ፍተሻ) ሲበራ ብቻ ነው። እኔ ቴስት ሳስሮጥ አሰርት አጥፍቼ አላውቅም።