ሰማዩን ብቻ መክሰስ፦ በድሬዳዋና በሐረር ስለ ውኃ ስናስብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

"ሐረማያን ያደረቀው የአየር ንብረት ለውጥ ነው።" ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ለሐረር፣ ለአወዳይና ለሐረማያ ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ደርቆ የከብት መሰማሪያ የሆነው ዝናብ ስለ ራቀው ብቻ አይደለም። በዙሪያው የተተከሉ ፓምፖች ለጫትና ለአትክልት ሳቡት፤ ከተሞቹም ከዚያው ቀዱ፤ የተራቆቱት ተዳፋቶች ደግሞ በየክረምቱ አፈራቸውን እየለቀቁ ወለሉን ደለል ሞሉት። ሙቀቱና የዝናቡ መዛባት የራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም የሰው እጅ ግን ከባድ ነበር። ጥፋቱን በሙሉ ለሰማይ ከሰጠን መድኃኒቱንም ከሰማይ እንጠብቃለን። ተዳፋቶቹ ላይ እርከን ሲሠራና ዝናቡም ሲያግዝ ሐይቁ በቅርብ ዓመታት እንደገና ውኃ ያዘ። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል። ፓምፑ ያለ ልክ ከተደረደረበት ግን ሁለተኛው ሞቱ ከመጀመሪያው የፈጠነ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

የዚህ ተቃራኒም ስህተት ነው፦ "እኛ ምን አደረግን? ጭሱ የሀብታም አገሮች ነው" ማለት። እውነት አለው። ኢንዱስትሪ ከመስፋፋቱ በፊት በአየር ውስጥ ካለው አንድ ሚሊዮን ቅንጣት 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። በዚህ ጭማሪ ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ካሣ መጠየቅ መብታችን ነው። ነገር ግን የሌላው ዕዳ የእኛን ተዳፋት አያለብስም።

ሦስተኛው ስህተት ሰው የገደለ ነው፤ የደረቀ ወንዝን ባዶ መሬት አድርጎ ማየት። ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ የሚያውቅ ይመሰክራል። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር በእግር ይሻገሩታል፤ ነጋዴ ዕቃውን ይዘረጋበታል፤ አሸዋው ለግንባታ ይጫናል፤ ቆሻሻም ይጣልበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከተማው በተኛበት፣ ከደጋው የወረደው ደራሽ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ይዞ ሄደ። ኃይለኛው ዝናብ የጣለው ከላይ፣ በደጋው ነበርና ብዙዎች ከቤታቸው ለመውጣት ጊዜ አላገኙም። የአየር ንብረት ለውጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፦ አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ሰባት በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ዝናቡ ሲመጣ አንዴ ይዘረገፋል፤ ተዳፋቱ ራቁቱን ከሆነም የሚያስቀረው የለም። ከጎርፉ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ይሁንና ግንቡን አምኖ ወደ አሸዋው መመለስ ራሱን የቻለ ስህተት ነው። ጎርፉ የሚወለደው ከከተማው በላይ ባለው ደጋ፣ ደንገጎ ላይ ነው፤ ድሬዳዋን የሚያድናት ሥራም ከዚያ ይጀምራል። ልጆች ያላችሁ፣ ደጋው ላይ ደመና ሲጠቁር፣ ድሬ ፀሐይ ቢሆንም እንኳ፣ ከወንዙ ጥሯቸው።

የማይታየውን ውኃ የማያልቅ አድርጎ መቁጠርም አለ። የድሬዳዋ ሰው የማንቆርቆሪያውን ሆድ ቢመለከት ነጩን ቅርፊት ያገኘዋል፤ ውኃችን በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ የኖረ የከርሰ ምድር ውኃ ለመሆኑ ምልክቱ ይኸው ነው። ከሐረማያ መድረቅ በኋላ ሐረርም ወደዚሁ ወደ ቆላው ውኃ ዞረች። ሐረር ከድሬዳዋ 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ስለዚህ በሐረር አሮጌ ግንብ፣ በጁገል ውስጥ በጄሪካን የሚቀዳው ውኃ በኤሌክትሪክ ኃይል ዳገት ተገፍቶ የወጣ ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሳይ የሚከፋኝ ለዚህ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያስተውለው። የጉድጓድ መጸዳጃ ቤቶች ፍሳሽ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል፤ በድሬዳዋ በአንዳንድ የውኃ ጉድጓዶች ናይትሬት የተባለው ከፍሳሽ የሚመጣ ኬሚካል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። "አፍልቼዋለሁ፣ ደኅና ነው" ማለት ተውሳኩን ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያጠፋም፤ ውኃው በተነነ መጠን እንዲያውም ይበልጥ ይከማቻል። በተለይ ለጨቅላ ሕፃን ወተት የሚበጠበጥበት ውኃ ከተመረመረ ምንጭ ይሁን።

ችግኝን በተተከለበት ቀን ብቻ መቁጠር የመጨረሻው ነው። በክረምት እንተክላለን፣ ፎቶግራፍ እንነሣለን፣ ጥቅምት ሲገባ ችግኙ ብቻውን ከድሬ ፀሐይ ጋር ይቀራል። የከዚራን ጥላ የሰጡን ዛፎች የሚያጠጣቸውና ከፍየል የሚጠብቃቸው ሰው ነበራቸው። አሥር ተክሎ ዘጠኙን ከመቅበር ሁለት ተክሎ ሁለቱንም ማሳደግ ይሻላል። ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ አትክልት የታጠበበትን ውኃ በጄሪካን አጠራቅሙና ማታ ማታ፣ ምድሩ ሲበርድ፣ ሥሩ ላይ አፍስሱለት።